ገልብጣችሁ እዩት፦ ስለ ሳሎን ምንጣፍ ለተሰጠው ምክር ከድሬ የተጻፈ ምላሽ

ሰሞኑን ሦስት ደንበኞቼ በተለያየ ቀን አንድ ጽሑፍ ከስልካቸው አውጥተው አሳዩኝ። ርእሱ «ሰው ለሚበዛበት ሳሎን የማያረጅ ምንጣፍ አመራረጥ» ይላል። የጸሐፊው ስም የለበትም። ቋንቋው ያማረ ነው፤ ምንጣፍ የሚወድ ሰው እንደጻፈው ያስታውቃል። ድሬዳዋ አንድ ዓመት እንኳ ኖሮ እንደማያውቅም ያስታውቃል።

ላላነበበው፣ ምክሩ ሲጨመቅ ይህ ነው። ንጹህ ሱፍ ብቻ ግዙ፤ የፕላስቲክ ክር ገንዘብ ማባከን ነው። ፀጉሩ ረጅም፣ ሚዛኑ ከባድ የሆነውን ምረጡ፤ የሚበረክተው እሱ ነው። ቆሻሻ እንዳያሳይ ጠቆር ያለ ቀለም ይሁን። የሶፋችሁ እግር በሙሉ የሚያርፍበት አንድ ትልቅ ምንጣፍ አንጥፉ፤ ከሥሩም የማያንሸራትት መረብ አድርጉ። በሳምንት ሁለቴ በቫኪዩም ጥረጉ፣ በዓመት አንዴ እጠቡ። እንግዳን ጫማ ማስወለቅ ነውር ነው፤ ጥሩ ምንጣፍ ጫማ ይችላል።

ሦስተኛዋ ደንበኛዬ አንብባ ብቻ አላለፈችም። ሄዳ ጣት የሚውጥ ፀጉራም ምንጣፍ፣ ያውም ጥቁር ቡኒ፣ ገዛች። እኔ ጋ ሲመጣ ገና አራት ወሩ ነው። ከበሩ እስከ ቴሌቪዥኑ ድረስ የእግር መንገድ ወጥቶበታል፤ ላም የምትመላለስበት ሜዳ ነው የሚመስለው። «አቦ እስቲ ፍረድ! ያታለለኝ ሻጩ ነው ጽሑፉ?» አለችኝ።

ፍርዱን እዚህ ልጻፈው ብዬ ነው። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ምንጣፍ ሳጥብ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ገዢ ምንጣፍን የሚያየው ሱቅ ውስጥ ተዘርግቶ፣ መብራት በርቶበት ነው። እኔ የማየው ተገልብጦ፣ ርሶ፣ ሥሩ ተገላልጦ ነው።

ወደ ነጥቦቹ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር። ጽሑፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ የምንጣፍ ጠላት እግር ነው ብሎ ያምናል። እኛ ጋ ጠላቱ አሸዋ ነው። የደቻቱ ወንዝ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደርቆ ነው የሚከርመው፤ ንፋስ ሲነሳ የወንዙ ሆድ ሳሎናችን ይገባል። መስኮት ዘግቶ መዋል በግንቦት ሙቀት የማይታሰብ ነው። አቧራው ቀላል ስለሆነ ላይ ላዩን ይቀራል፣ በመጥረጊያም ይነሳል። አሸዋው ግን በፀጉሩ መሃል ሰርጎ ሥሩ ላይ ይቀመጣል። ጠርዙ ስለታም ነው፤ ከላይ ሰው በረገጠ ቁጥር ክሩን ከሥሩ ይገዘግዘዋል። እኔ ግቢ የውሃው መውረጃ ላይ ወንፊት አለ። ማታ ማታ ስናጸዳው የሚወጣውን ክር አንሥታችሁ ብታዩት ጫፉ አልሳሳም፣ አላለቀም፤ ሙሉ ቁመቱን እንደያዘ ከሥሩ የተቆረጠ ነው። ስለዚህ የእኛ ጥያቄ «የትኛው ክር እግር ይችላል?» ሳይሆን «የትኛው ምንጣፍ አሸዋ ይለቃል? ታጥቦስ ቶሎ ይደርቃል?» ነው።

«ንጹህ ሱፍ ብቻ ግዙ»

ሱፍን ልሰድብ አልነሣም፤ የሚገባውን ልስጠው። ተረግጦ የሚነሣ ክር ሱፍ ነው። የሶፋ እግር ያጎደጎደውን ቦታ ትንሽ ውሃ ረጭታችሁ በጣት ብታበጥሩት ተመልሶ ይቆማል። ፍም ቢወድቅበት ይከስላል እንጂ አይቀልጥም። የበግ ቅባት ትንሽ ስለሚቀረው እድፍ ቶሎ አይጠጣም። የደብረ ብርሃን የሱፍ ስጋጃ ከአባታቸው ወርሰው እስከ ዛሬ የሚያነጥፉ ደንበኞች አሉኝ፤ በየዓመቱ ሲመጣ እንደ ሽማግሌ አክብሬ ነው የማጥበው።

ነገር ግን መጀመሪያ «ሱፍ» ተብሎ የሚሸጥላችሁ ሱፍ ነው ወይ? ገበያችን ውስጥ ለስለስ፣ ሞቅ ያለ ነገር ሁሉ ሱፍ ይባላል። አብዛኛው አክሪሊክ፣ ማለትም ሱፍ የሚመስል ሰው ሠራሽ ክር ነው። መለያው ቀላል ነው። ከዘርፉ ሳይሆን ከፀጉሩ (ዘርፉ ብዙ ጊዜ ሌላ ክር ነው) አንድ ሁለት ነቅላችሁ ክብሪት ለኩሱበት። ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ እሳቱን ስታርቁት በራሱ ይጠፋል፣ አመዱም በጣት ሲታሽ ዱቄት ይሆናል። ከቀለጠና ሲቀዘቅዝ ጠንካራ ዶቃ ከሆነ ሱፍ አይደለም፤ የተጠየቃችሁት ግን የሱፍ ዋጋ ነው።

እውነተኛ ሱፍ ከሆነም የድሬ ሳሎን ይፈትነዋል። ሱፍ ርጥበት ሳይሰማችሁ የክብደቱን ሲሶ ያህል ውሃ መጠጣት የሚችል ነገር ነው፤ ሲታጠብማ አይጠየቅ። ሁለት በሦስት የሆነ የሱፍ ምንጣፍ ታጥቦ ለማንሣት አራት ጎረምሳ ያስፈልገኛል። የቤት ሠራተኛ በኦሞ ካሸችው ይሻክራል፣ ክሩ እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ እድፍ ላስለቅቅ ብላ በረኪና ካፈሰሰችበት ክሩ ራሱ ይሟሟል። ሠራተኛዋን አልወቅስም፤ ቲሸርትም ሸራ ጫማም በበረኪና ነጭ ሲሆን ያየች ልጅ ናት።

ከሁሉ የሚብሰው ብል ነው። ብል የሚወደው ጨለማ፣ ሙቀትና የማይነካ ቦታ ነው። የእኛን ሳሎን አስቡት፤ ፀሐይ እንዳይገባ መጋረጃው ቀኑን ሙሉ ተዘግቶ ይውላል፣ ሶፋው ካረፈበት ለዓመት አይነሣም። ላዩ አዲስ የመሰለ የሱፍ ምንጣፍ ጠቅልለን ስናነሣ በሶፋው ሥር የነበረው ክንድ የሚያህል ቦታ መላጣ ሆኖ አግኝተን እናውቃለን። ትሉ ፀጉሩን ግጦ ድሩን ብቻ ትቶታል። በየወሩ ሶፋ አንሥታችሁ የምትጠርጉ ከሆነ ሱፍ ግዙ። ካልሆነ ለመኝታ ቤት ይሁን።

«የፕላስቲክ ክር ገንዘብ ማባከን ነው»

እዚህ ላይ ጸሐፊው የሰደበውን ነገር አላወቀውም። ድሬ ሳሎኖች ውስጥ ከተነጠፈው የበዛው ፖሊፕሮፒሊን ነው። ስኳርና ሩዝ የሚመጣበት ማዳበሪያ የሚሠራበት ያው ፕላስቲክ ነው፤ ስሙ ሲጠራ የሚናቀውም ለዚህ ይመስለኛል። ግን ማዳበሪያ ዝናብ ላይ ሲያድር አይታችኋል? ውሃውን አራግፋችሁ ስኳር ትቋጥሩበታላችሁ። ምንጣፉም እንደዚያው ነው፤ ክሩ ውሃ አይጠጣም። ብዙውን ጊዜ ቀለሙ ከላይ አልተነከረም፤ ፕላስቲኩ ሲቀልጥ አብሮ ስለሚደባለቅ ስናጥበው ቀዩ ወደ ነጩ አይሄድም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ያጠብነው በድሬ ፀሐይ ለምሳ ደርቆ ባጃጅ ላይ ይጫናል። ብል ደግሞ አይቀርበውም።

ሻጩ ስሙን ካምታታባችሁ በአንድ ብርጭቆ ውሃ መለየት ይቻላል። ከፀጉሩ ጥቂት ክር ነቅላችሁ ውሃው ውስጥ ጨምሩ፤ አንድ ጠብታ ሳሙና አክላችሁ በጣት በደንብ አርሱት፣ አለዚያ አየር ይዞ ያታልላችኋል። ፖሊፕሮፒሊን ከውሃ ስለሚቀል ተመልሶ ይንሳፈፋል። ሱፍ፣ ፖሊስተር፣ ናይለን፣ አክሪሊክ፣ ሁሉም ይሰምጣሉ። ይህን ሙከራ አንዴ ታይዋን ገበያ ሱቅ ውስጥ ስሠራ ሻጩ ሻይ ያዘዝኩ መስሎት ስኳር አመጣልኝ።

እውነተኛ ጉድለቶቹ ሌላ ናቸው፤ ጸሐፊው ሲሳደብ እነሱን ዘለላቸው። አንደኛ፣ ውሃ የማይጠጣው ክር ዘይት ይወዳል። መሬት ተቀምጦ ሩዝና ባስታ የሚበላበት ቤት፣ በረመዳን ሳምቡሳ በየማታው የሚቀርብበት ሳሎን ከሆነ ዘይቱ ክሩ ላይ ተለጥፎ አሸዋ ይሰበስባል፤ ሱፍራ (የመብል ጨርቅ) ዘርግቶ መብላት ግድ ነው። ሁለተኛ፣ ከተጨፈለቀ እንደ ሱፍ አይነሣም። ሦስተኛው ትልቁ ነው፦ እሳት። ፖሊፕሮፒሊን ከ160 እስከ 165 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፤ የቡና ከሰል ደግሞ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። የዕጣን ማጨሻው ተንሸራቶ አንዲት ፍም ከወደቀች የሳንቲም ያህል ቀዳዳ ትከፍትና ዙሪያው ይደርቃል። ይህ አይታጠብም፣ አይበጠርም፤ ቆርጦ መጣፍ ነው። ከባድ ወንበር መሬት ለመሬት ሲጎተት እንኳ በሰበቃው ሙቀት የሚያብለጨልጭ መስመር ይተዋል። በየቀኑ ቡና የምታፈሉ ከሆነ ማፍያውን ከምንጣፉ አውጡት፤ ቄጤማውም ከዚያው ጋር ይውጣ፤ ርጥብ ቄጤማ ተረግጦ የሚተወው አረንጓዴ በቀላሉ አይለቅም።

የቱርክ ምንጣፍ ከሆነ ጀርባው ላይ ባለው ወረቀት «ሂት ሴት» የሚል ፈልጉ። ክሩ ተገምዶ በእንፋሎት ሙቀት ግምዱ እንዲጸና የተደረገ ማለት ነው፤ ብልጭልጭ አይልም፣ ከተራውም የተሻለ ቆሞ ይቆያል።

«ፀጉሩ ረጅም፣ ሚዛኑ ከባድ ይሁን»

ይህ ምክር ነው ደንበኛዬን ያከሰራት። የእሷን ምንጣፍ ልንገራችሁ። ፖሊስተር ነው፣ ፀጉሩ አራት ሴንቲ ሜትር። ከማጠባችን በፊት ሸራ ላይ በፊቱ ደፍተን ጀርባውን በዱላ ስንወቃው እንደ ወንፊት ነው ያፈሰሰው። አንዱ ልጅ ለቀልድ ብሎ አሸዋውን ሰብስቦ ከጎረቤት ሱቅ በስኳር ሚዛን አስመዘነው፤ ሦስት ኪሎ ከሩብ። አራት ወር፣ አንድ ሳሎን፣ ሦስት ልጆች። ሴትዮዋ «ይሄ ሁሉ በሳምንት ሁለቴ እየጠረግኩት?» ብላ አላመነችም። መጥረጊያው የፀጉሩን ጫፍ ነው የሚያበጥረው፤ አራት ሴንቲ ወርዶ አሸዋ አያወጣም። ቫኪዩምም ቢሆን ያን ያህል አይወርድም።

ለድሬ ሳሎን ፀጉሩ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። ርዝመቱን ተዉትና ጥቅጥቅነቱን ፈትኑ። ምንጣፉን በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ ፀጉሩ ወደ ውጭ እንዲሆን እጠፉት፤ ዳቦ ቆርሳችሁ ውስጡን እንደምታዩት። እጥፉ ላይ ጀርባው ቦግ ብሎ ከታየ ክሩ የሳሳ ነው፤ አሸዋውም በዚያው በር ይገባል።

ከዚያ ገልብጡት። የፊቱ ሥዕል ጀርባው ላይም ከታየ ከድሩ ጋር አብሮ የተሸመነ ነው፤ ክሩ በቀላሉ አይነቀልም። ጀርባው በሌላ ጨርቅ ተለብጦ ሥዕሉ ከተሸፈነ ክሩ የተያዘው በኮላ ነው። ኮተኒ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሠሩ አባቶቻችን ሽመና ጨርቅ የሚገዙት እንዲህ ገልብጠው፣ ድርና ማጉን በጥፍር ቆጥረው ነበር፤ ምንጣፍ ላይ ሲደርስ ለምን እንደተረሳ አላውቅም። ቆጠራው ዛሬም ይሠራል። ወረቀቱ ላይ «500 ሪድ» ካለ በአንድ ሜትር ወርድ 500 የፀጉር መስመር አለ፣ በአንድ ሴንቲ ሜትር 5 ማለት ነው። በቁመቱ 1,000 ካለ በሴንቲ ሜትር 10። ሁለቱ ሲባዙ በካሬ ሜትር 500,000 ነጥብ ይሆናል። ማስመሪያ አስቀምጣችሁ ጀርባውን ቁጠሩ፤ ወረቀቱ ከዋሸ እዚያው ይያዛል።

ክብደትማ ጭራሽ አያስተማምንም። በኮላ በተለበጠ ምንጣፍ ኮላው ውስጥ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ይደባለቃል፤ ዋጋውን ይቀንሳል፣ ሚዛኑን ይጨምራል። ተሸክማችሁ «ከባድ ነው፣ ጥሩ ነው» የምትሉት ድንጋይ ሊሆን ይችላል። ሙቀትና ዕድሜ ያንን ኮላ ያደርቀዋል፤ ከዚያ ምንጣፉን ባነሣችሁ ቁጥር መሬቱ ላይ ነጭ ዱቄት ታገኛላችሁ። ብዙ ሰው ከግድግዳው የረገፈ ኖራ ይመስለዋል። ሱቅ ውስጥ ጠርዙን አጥፋችሁ ጀርባውን በጥፍር ቧጥጡት፤ አዲሱ ምንጣፍ ዱቄት ከጣለ ተዉት።

ጽሑፉ ያልነካው አንድ ወጥመድ አለ፤ እኔ ስለወደቅሁበት ልጨምረው። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንዲት የከዚራ ሰፈር እናት «የሐር ነው፣ ተጠንቀቅልኝ» ብለው የሚያብረቀርቅ ክሬም ምንጣፍ ሰጡኝ። ሻጩ ሐር ነው ብሏቸዋል፣ እኔም አምኜ በቀዝቃዛ ውሃና በለስላሳ ሳሙና አጠብኩት። ሲደርቅ ቢጫ ሆኖ፣ እንደ ካርቶን ድርቅ ብሎ ቀረ። በብሩሽ ስነካው ክሩ በጄ ላይ ረገፈ። ቪስኮስ ነበር። ቪስኮስ የሚሠራው ከእንጨት ነው፤ ሲርስ ጥንካሬውን ግማሽ ያህል ያጣል። ሴትዮዋ ምንም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም፤ «ይሁን ልጄ» ነው ያሉት። ከዚያ በኋላ የቤታቸውን ምንጣፍ ሁሉ ለዓመታት በነጻ አጠብኩ። ዛሬ ማንም «ሐር» ካለኝ ክብሪት ነው የማወጣው፤ እንደ ወረቀት ከነደደና ወረቀት ወረቀት ከሸተተ ውሃ አላስነካውም። ልጆች ያሉበት ሳሎን ውስጥ አንድ ብርጭቆ ውሃ መደፋቱ አይቀርም፤ አንድ ብርጭቆ ውሃ ለሚያበላሸው ምንጣፍ ገንዘብ አታውጡ።

«ጠቆር ያለ ቀለም»

የድሬ አቧራ ነጣ ያለ ነው። ጥቁር ምንጣፍ ላይ ዱቄት የተነፋ ይመስላል፤ ጥቁር መኪና ያለው ሰው ጠይቁ። አመድማ፣ አሸዋማ፣ ወይም ብዙ ቀለም የተጥመለመለበት ሥዕል ያለው ይሻላል። ቀዩ የሐረሪ ዓይነት ጥለት የለውዝ ቅርፊትም የጫት ገረባም ይሸሽጋል፤ በርጫ ቤት ውስጥ እሱን የምታዩት ለጌጥ ብቻ አይደለም። የእርድ ቅመም እድፍ ካስፈራችሁ ግን ለእሱ ቀለም አትምረጡ፤ ካጠባችሁት በኋላ የቀረውን ቢጫ ፀሐይ ይበላዋል።

«የሶፋው እግር በሙሉ የሚያርፍበት አንድ ትልቅ ምንጣፍ»

ለፎቶ ያምራል። ሦስት በአራት ምንጣፍ 12 ካሬ ሜትር ነው፤ በካሬ ሜትር ሁለት ኪሎ ተኩል ብንለው ደረቁን 30 ኪሎ ይመዝናል። ሲታጠብ ስንት እንደሚሆን የእኔን ልጆች ወገብ ጠይቁ። ተጠቅልሎ ሦስት ሜትር ስለሚሆን ባጃጅ አይችለውም፤ ጋሪ ወይም አይሱዙ መከራየት ሊኖርባችሁ ነው። ለማጠብ እንዲህ የሚያስቸግር ምንጣፍ ደግሞ አይታጠብም፤ ሶፋው ከላዩ ስላለ አይገለበጥም፣ አይዞርም። ከሦስት ዓመት በኋላ መሃሉ አልቆ በሶፋው ሥር ያለው አዲስ ሆኖ ይመጣልኛል፤ ግማሹን ገንዘብ ለሶፋው እግር ነው የከፈሉት።

ከዚያ ይልቅ ሁለት በሦስት ይሁን፤ ከሶፋው ፊት የሚዘረጋ፣ ሁለት ሰው የሚያነሣው። በየሦስት ወሩ ራስጌውን ወደ ግርጌ ካዞራችሁት የእግር መንገዱ ቦታ ይለዋውጣል። ቤታችሁ መጅሊስ ከሆነ ጥያቄው አይነሣም፤ ፍራሹ ግድግዳውን ይይዛል፣ ምንጣፉ መሃሉን ብቻ።

በማያንሸራትተው መረብ ላይ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ፤ ሴራሚክ ላይ ያለ እሱ አሮጊት ይወድቃል። ክፍት ክፍት ያለው ይሁን፣ አየር ይግባ። ከታች የፕላስቲክ ምንጣፍ ወለል ካላችሁ ግን አታድርጉት፤ በሙቀቱ ተለጥፎ ምልክት ይተዋል።

«በሳምንት ሁለቴ ቫኪዩም፣ በዓመት አንዴ እጥበት»

ቫኪዩም ያለው ይጠቀም። መብራት ካለ። ቫኪዩም ለሌለው ግን ከዚያ የማያንስ ዘዴ አለ፤ ምንጣፉን በፊቱ ደፍታችሁ አንድ ሁለት ቀን ተዉት፣ ልጆቹ ይረማመዱበት። ሥሩ ላይ የነበረው አሸዋ በራሱ ክብደትና በእግራቸው ንዝረት እየወረደ ወለሉ ላይ ይራገፋል። ስታነሡት የምንጣፉን ቅርጽ የያዘ አሸዋ ተዘርግቶ ታገኛላችሁ። ጠርጋችሁ ፊቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ መልሱት። በወር አንዴ ይህን የሚያደርጉ ደንበኞቼ ምንጣፍ ሲመጣ ስንወቃው የሚወርደው እፍኝ አይሞላም።

ስትወቁት አጥር ላይ አትስቀሉት። ሽቦ ወይም ገመድ ላይ ለሁለት ታጥፎ ሲደበደብ መሃል ላይ ድሩ ይሰበራል፤ በኋላ እዚያው መስመር ላይ ይተረተራል። መሬት ላይ ሸራ አንጥፎ ደፍቶ መውቃት ነው።

እጥበት ላይ ሰዉ የሚሳሳተው በቁጥሩ ሳይሆን በሳሙናው ነው። የድሬ ውሃ ከባድ ነው፤ ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ድንጋይ አስቡ። ሳሙና ከዚያ ውሃ ጋር ሲገናኝ ዝልግልግ ያለ ዝቃጭ ይሆናል፤ ካልወጣ ክሩ ላይ ይቀራል፣ ሲደርቅ አቧራ ይስባል። «ታጥቦ በሳምንቱ ቆሸሸ» የሚባለው ምንጣፍ ያልታጠበ አይደለም፤ ሳሙናው ያልወጣለት ነው። ኦሞውን በግማሽ ቀንሱ፣ የሚወርደው ውሃ እስኪጠራ አለቅልቁ፣ በመጨረሻው ባልዲ ግማሽ ብርጭቆ አቼቶ ጨምሩ። ሽታው ሲደርቅ ይጠፋል።

ጀርባው የጆንያ ክር ከሆነ (ቡኒ፣ ሻካራ፣ ሲርስ ጆንያ ጆንያ የሚል) ውሃ አታንቦጫርቁበት። ቶሎ ካልደረቀ ቡኒው ቀለም ወደ ፊቱ ይወጣል፣ ክሩም ይበሰብሳል። ማለዳ እጠቡ እንጂ ማታ አትጠቡ። በነሐሴ ደመና ባታጥቡት ይመረጣል። ሲሰጣ ጀርባው ወደ ፀሐይ፣ ፊቱ ወደ ጥላ፤ የእኛ ፀሐይ ቀለም ብቻ ሳይሆን ክሩንም ያደርቃል። በዓመት ስንቴ ለሚለው፣ ሰው የሚበዛበት ቤት ሁለቴ ይበቃዋል። ገበያዬን የምዘጋ ቢመስልም በየወሩ የሚያመጡልኝን እመልሳቸዋለሁ።

«እንግዳን ጫማ ማስወለቅ ነውር ነው»

ይህን ስታነብልኝ ነው ደንበኛዬ የሳቀችው። ድሬ ውስጥ ጫማ አውልቅ የሚል የለም፤ ሳይባል ነው የሚወለቀው። በር ላይ የተደረደረውን ጫማ ቆጥሮ ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ የሚያውቅ ሕዝብ ነው።

ሐረር ደግሞ ቤቱ ራሱ ይህን አስቦ የተሠራ ነው። በግንብ በተከበበው አሮጌው ከተማ፣ ጁገል ውስጥ ያለውን የሐረሪ ቤት አይታችሁ ከሆነ፣ እንግዳ ጫማውን ታች ትቶ ወደ ነደባው ይወጣል። ነደባው ከፍ ብሎ የተሠራ መደብ ነው፣ ምንጣፉ ያለው እሱ ላይ ነው። አሸዋው ታች ይቀራል። እዚያ ቤት ውስጥ ምንጣፍ ላይ ይቀመጡበታል፣ ይጋደሙበታል፤ በጫማ አይሄዱበትም። ጥሩ ምንጣፍ ጫማ ይችላል የሚለው ሰው እነዚህን ምንጣፎች ጀርባቸውን ገልብጦ ቢያይ እወድ ነበር። ድሩ እንደተሸመነ ነው።

እዚያው ጁገል አንዲት ሐረሪ ደንበኛ አሉኝ። ከበራቸው በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ተቀምጧል፤ በልማዱ ቤት ውስጥ ለትዳር የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው ይባላል። ልጃቸው አግብታ ሁለት ወልዳለች፣ ምንጣፉን ግን ማንም አላወረደውም። ባለፈው የሌሎቹን ምንጣፎች ላመጣ ስሄድ ወደ ላይ አንጋጥጬ «ይሄንንስ ልውሰደው? አቧራ ይኖረዋል» አልኳቸው።

«ማን ረግጦት?» አሉኝ።